በጥቁር ሱፍ ወደ መሪነት

መሪ ለመሆን ምን እንደሚያስፈልግ ብትጠይቁኝ፣ ሌላው ሌላው ይቆይና ነጭ ሸሚዝ ነው እላችኋለሁ። ራእይ ቀስ ብሎ ይመጣል። ሸሚዙ ግን ጠዋት ከቤት ስትወጡ መኖር አለበት።

መርሳ ውስጥ የወጣቶች ተሟጋች ነኝ። እንዲህ ስል ብዙ ሰው ጠበቃ እመስለዋለሁ። እናቴ ሰው ሲጠይቃት "ሥራው ስብሰባ ነው" ትላለች፤ ከእሷ አሳጥሮ የገለጸው የለም። ሥራ ያጡ ልጆች ሰብስቤ ቀበሌ እወስዳለሁ፣ ቀበሌው ወደ ወረዳ ይመራናል፣ ወረዳው "ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው" ይለናል፣ እኛም የጥያቄያችንን ተገቢነት ተረድተን ወደየቤታችን እንመለሳለን። በዚህ መሀል አንድ ፕሮግራም ለመሪነት የሚበቁ የአፍሪካ ወጣቶችን ሊያሠለጥን ማመልከቻ እየተቀበለ ነው ሲባል ሰማሁና አመለከትኩ። አለፍኩ። ከሀብሩ ወረዳ ያለፍኩት እኔ ብቻ ነኝ። ያመለከትኩትም እኔ ብቻ እንደነበርኩ ለማንም አልተናገርኩም።

ይህን ሥልጠና አጥብቄ እፈልገው ነበር። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ከመጣሁ ወዲህ ሰው አባቴን "ልጅህ ምን ላይ ደረሰ?" ሲለው፣ አባቴ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ማውራት ይጀምራል። እኔ ፊት አንድም ቀን ከፍቶት አያውቅም። ግን ሽንኩርት በተነሳ ቁጥር ስለ እኔ እንደተጠየቀ አውቃለሁ። አንድ ቀን የሚመልሰው ነገር ልሰጠው ፈልጌ ነበር።

የጥሪው መልእክት ሁለት ነገር ያሳስባል። አንደኛ፣ ሥልጠናው ወልድያ ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን በሰዓቱ ይገኙ፤ የቀረ ወይም አቋርጦ የወጣ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል፤ ይቅርታ የሚደረገው የቅርብ ቤተሰብ ለሞተበት ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ አለባበስ ጠቆር ያለና መደበኛ ይሁን።

ጠቆር ያለ ሲሉኝ እኔ እስከ ጥግ አጠቆርኩት። ጓደኛዬ ከማል ሚዜ ሲሆን ያሰፋውን ጥቁር ሱፍ አዋሰኝ። ነጩ ሸሚዜ ኮሌታው ስለተበላ ጥቁር ሸሚዝ ለበስኩበት። ጥቁር ጫማ። በዚያ ላይ ጢሜን ሳልላጭ ሰንብቻለሁ፤ ስብሰባ ላይ እጄን ሳወጣ ፊቴ የልጅ ስለሆነ ዕድል የሚሰጠኝ የለም፣ ጢም ሲኖረኝ ይሰጡኛል ብዬ ነው። በዋዜማው ደግሞ ከደስታ ብዛት እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ፤ ዓይኔ ቲማቲም መስሏል። አባቴ በጨለማ ወደ እርሻው ወርዷል፣ እናቴ ቅዳሴ ናት። ብቻዬን መስተዋት ፊት ቆሜ ራሴን ሳየው መሪ ነው የታየኝ።

የመርሳ ሰው ያየው ሌላ ነው። እኛ አገር ጢሙን ያሳደገ፣ ዓይኑ የቀላ፣ ከላይ እስከ ታች ጥቁር የለበሰ ወጣት በማለዳ መናኸሪያ ከታየ የሚሄድበት ቦታ አንድ ነው።

ረዳቱ በሌላ ቀን በክርኑ ገፍቶ ወደ ኋላ ወንበር የሚያስገባኝ ልጅ ነው። ያን ቀን ክንዴን ደግፎ ጋቢና አስቀመጠኝ፤ ሒሳብ ብሰጠው በሁለት እጁ መለሰልኝ። ሹፌሩ የከፈተውን ዘፈን አጠፋ። የወሎ ሹፌር ዘፈን ማጥፋቱን ቀላል ነገር አድርጋችሁ እንዳታዩት። እኔ ግን ምን አልኩ መሰላችሁ? "መሪነት እኮ ያስታውቃል" አልኩ በልቤ።

አጠገቤ ግራና ከምትባል ከተማ የመጡ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። መርሳን እንደወጣን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ማነው ልጀ?"

"ምኑ እናቴ?"

"አይ፣ ልጠይቅህ ብዬ ነው። የቅርብ ነው የሩቅ?"

"ሥልጠና ነው እናቴ። የመሪነት ሥልጠና፣ ወልድያ።"

"ሥልጠና አለ ብለው ነው የጠሩህ?"

"አዎ።"

"ማነው የደወለልህ?"

"አንዲት ሴትዮ ናት፣ ከአዲስ አበባ። ነገ ከነገ ወዲያ ሳትል ዛሬውኑ መገኘት አለብህ ብላኛለች።"

"ያ አላህ" አሉና የሻሻቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። የአገሬ ሴቶች ለወጣቶች ሥልጠና ይህን ያህል ይጨነቃሉ ብዬ ልቤ ተነካ።

እዚህ ላይ ስለ መርዶ አንድ ነገር ካላልኩ ወጌ አይሄድም። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በድንገትም አይነገርም። ሰውየው በሆነ ሰበብ ካለበት ይጠራል፣ እህል እንዲቀምስ ይደረጋል፣ ሽማግሌ ከጎኑ ይቀመጣል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚረዳው። ስለዚህ ሐዘንተኛን መዋሸት እኛ ዘንድ ነውር አይደለም፣ ጨዋነት ነው። ጣጣው ምን መሰላችሁ፣ ሁሉም ሰው ለደግ እንደሚዋሽ ሁሉም ያውቃል። እና እውነቱን የሚናገር ሰው ሲመጣ የሚያምነው ያጣል።

ሲሪንቃ ላይ ከግብርና ምርምር ማዕከሉ ሁለት ሰዎች እየተሳሳቁ ተሳፈሩ። ሹፌሩ በመስተዋቱ ውስጥ በዓይኑ ወደ እኔ ጠቆማቸውና ሳቁ ቆመ። አንደኛው ከኋላ ትከሻዬን ነካ አድርጎ "አይዞህ፣ በርታ" አለኝ። "እበረታለሁ፣ የመጣሁት ለዚሁ ነው" አልኩት። ሰውየው ኮፍያውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

ወልድያ ደረስን። እኔ አዳራሹ ገብቼ እንደ ሥነ ሥርዓቱ ስልኬን አጠፋሁ። የግራናዋ እናት ደግሞ ማን መሆኔን ከረዳቱ ጠይቀው ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። ለማን? መርሳ ለሚኖሩት ዘመዳቸው ለእትዬ ዘሀራ፤ ማለትም ለግድግዳ ተጋሪ ጎረቤታችን።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን የሰማሁት በኋላ ነው። እትዬ ዘሀራ ወንፊት ሊዋሱ በሚል ሰበብ እናቴ ዘንድ ገቡ። እናቴ ከቅዳሴ ተመልሳ ስንዴ ትለቅማለች። "ልጅሽ ወዴት ሄደ?" አሏት። "ወልድያ፣ ሥልጠና" አለች። እትዬ ዘሀራ ዞር ብለው እንባቸውን ጠረጉ፤ እሷንም ሥልጠና ነው ብለው አታለዋታል ማለት ነው። ወንፊቱን ረስተው ወጡ። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ጎረቤት እሳት ልትጭር መጣች። ክብሪት በጠፋበት ዘመን እንኳ እኛ ቤት እሳት ጭራ አታውቅም። ሦስተኛዋ ያለ ምንም ሰበብ መጥታ ቁጭ አለች። እናቴ ሴቶቹን በየተራ አየቻቸውና የሚለቀመውን ስንዴ አስቀመጠች።

የእድራችን ዳኛ አያ ደምሴና ሼህ ሙሄ ከውጭ ዛፍ ሥር ሆነው ይመክራሉ። ሁለቱም ሰፈራችን ያለ እነሱ አልቅሶም አግብቶም የማያውቅ ሽማግሌዎች ናቸው። ማን እንደሞተ አያውቁም፤ ግን መጠየቅ ነውር ስለሆነ በማስላት ሊደርሱበት ሞከሩ። ልጁ ጥቁር ለብሶ በገዛ እግሩ ወጥቷል፤ እሱ አይደለም። እናቲቱ ይቻትና ተቀምጣለች። ወልድያ ያለችው እህቴ እንደሆነችስ? ደወሉላት። "አቤት?" አለች። በሕይወት መኖሯን አረጋግጠው ጆሮዋ ላይ ዘጉባት። ከእነሱ በኋላ ሌሎች ሰባት ስምንት ሰዎችም እንደዚሁ እያረጋገጡ ዘጉባት። እህቴ ሞኝ አይደለችም፤ ይህ ሁሉ ሰው ደውሎ መናገር ካቃተው እናቴ ናት የሞተች ብላ ሱቋን ዘግታ እያለቀሰች መኪና ተሳፈረች።

የቀረ አባቴ ነበር። ደወሉለት። አያነሳም። ደጋግመው ደወሉ፣ አያነሳም። አባቴ ያን ጊዜ የመስኖ ውሃ ተራው ደርሶለት ሽንኩርቱን ያጠጣል፤ ውሃ በተራ የሚያገኝ ሰው ደግሞ ንጉሥ ቢጠራውም ቦዩን ትቶ አይሄድም። ስልኩ በኮቱ ኪስ፣ ኮቱ ከማሳው ማዶ ዛፍ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። "ኢናሊላሂ" አሉ ሼህ ሙሄ። አያ ደምሴ ድንኳን እንዲወጣ በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ ሁለቱም እኔን ከሥልጠናው ሊያመጡ ወደ ወልድያ ተነሱ።

አዳራሹ ውስጥ እየተዋወቅን ነው። አስተባባሪዋ፣ ያቺ የደወለችልኝ የአዲስ አበባ ሴትዮ፣ ደርባባና ሳቂታ ናት። ሁላችንም በየተራ እየተነሳን መሪ ማለት ለእኛ ምን እንደሆነ እንድንናገር ጠየቀችን። ሳምንት ሙሉ የተለማመድኩት ንግግር ነበረኝ። ተነሳሁ፣ ኮቴን ቆለፍኩ፣ "መሪ ማለት" አልኩ። በሩ ተከፈተና አያ ደምሴና ሼህ ሙሄ ገቡ።

"በዚህ ስናልፍ" አሉ አያ ደምሴ፣ "እግረ መንገዳችንን እንየው ብለን ነው።" ያለነው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው።

"ምነው? ምን ሆናችሁ?" አልኳቸው።

"ምንም የለም፣ አብሽር" አሉ ሼህ ሙሄ። "አባትህን ትንሽ አሞት ነው።"

በእኛ አገር ክፉኛ የታመመ ሰው "በጣም አሞታል" ይባላል። "ትንሽ አሞት ነው" የሚባለው የሞተ ሰው ነው።

"አባቴ ሞተ?"

"ኧረ ወዲያ" አሉ አያ ደምሴ ፊታቸውን እያዞሩ። "ይልቅ እህል ቀምሰሃል?"

ወለሉ ላይ ተቀምጬ "አባቴ ሞተ" ብዬ ጮህኩ። ሠልጣኞቹ ተነሱ፣ አስተባባሪዋ አቀፈችኝ፣ አንዲት ከደቡብ የመጣች ልጅ አብራኝ አለቀሰች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ደግፈው ይዘውኝ ወጡ። የቀረውን ንግግሬን እስከ ዛሬ የሰማው የለም።

መንገድ ላይ ሙዝ ገዝተው በግድ አጎረሱኝ። ሁለቱ "እርስዎ ይንገሩት" "ኧረ እርስዎ ይሻላሉ" እየተባባሉ ሲንሾካሾኩ እሰማለሁ። የአያ ደምሴ ስልክ ደጋግሞ ጠራ፤ እሳቸው "ልጁ ፊት አይሆንም" እያሉ ዘጉት። እኔ አባቴን ነበር የማስበው። ሥልጠናውን ስነግረው "ጥሩ" ብቻ ነው ያለኝ፤ በዋዜማው ግን ከጓሮ የበሰለውን ፓፓያ መርጦ ቆርጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦልኝ ነበር። ስለ እኔ ለሰው አንድ ቃል ሳይናገር ሄደ ብዬ አለቀስኩ። እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም።

አባቴ ግን አልሄደም። ውሃውን አጠጥቶ ጨርሶ ወደ ቤት ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ወደ እኛ ደጅ ሲጎርፍ አየ፤ ድንኳን ተተክሏል። እሱም ማንን ብሎ አልጠየቀም። ጠዋት በመኪና ወልድያ የሄደ ልጅ አለውና፣ ልቡ ሌላ ቦታ አልሄደም። ጋቢውን ተከናንቦ "ልጄን" እያለ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ለቀስተኛው እንደ ወጉ ተነስቶ ተቀበለው፤ የማን ዘመድ ነው ሳይል አብሮት አለቀሰ። ለረጅም ጊዜ ከተላቀሱ በኋላ እትዬ ዘሀራ ፊቱን እንዲታጠብ ውሃ ይዘው ቀረቡ። ጋቢውን ገለጥ ሲያደርግ ሟቹን አዩት። ውሃው ከነጆጉ ወደቀ።

"ልጄስ?" አለ አባቴ።

"ሽማግሌዎች ሊያመጡት ሄደዋል" አሉት። እሱም የሚያመጡት ሬሳውን መሰለው።

ስለዚህ እኔ "አባዬ፣ አባዬ" እያልኩ ድንኳኑ ውስጥ ስወድቅ፣ ብብቴን ይዞ ያነሳኝ አባቴ ነው። መጀመሪያ አላወቅሁትም፤ በእንባ መሀል ሁሉም ሽማግሌ አንድ ነው። በኋላ እጁ ሽንኩርት ሸተተኝ። ቀና ብዬ አየሁት። አቀፈኝ። "አንተን ነበር የማለቅስ" አለኝ። እህቴም ከኋላዬ "እማዬን" እያለች ገብታ እናቴ እግር ላይ ወደቀች። ቤተሰባችን ተቆጠረ፤ ሙሉ ነው።

ሼህ ሙሄ ጢማቸውን እየነኩ ለአላህ ምስጋና አደረሱና ምርመራ ጀመሩ። "ሞተ ብሎ የጀመረው ማነው?"

እትዬ ዘሀራ ወንፊት ነው የጠየቁት። የግራናዋ እናት በስልክ ያሉት ልጁ ጥቁር ለብሷል ብቻ ነው። አያ ደምሴ ድንኳን ሲያስተክሉ በእጅ ምልክት እንጂ በቃል አልነበረም። ነገሩ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ተፈትሾ ቀኑን ሙሉ "ሞተ" የሚል ቃል ከአፉ ያወጣ ሰው አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

"እኛ አሞት ነው አልን" አሉ ሼህ ሙሄ ወደ እኔ ዞረው። "አባቴ ሞተ ያልከው አንተ ነህ።"

የተቀቀለው ንፍሮ ተበላ፤ የደነገጠ ሆድ ባዶውን አይደር ተብሎ። ሱፉን ከየት እንዳመጣሁት ሁሉም ሰምቶ ስለነበር፣ ከማል ከሰርግ ውጪ ለማንም እንዳያውስ ተመከረ።

ስልኬን ስከፍት ዋናው ችግሬ እዚያው ተቀምጦ ጠበቀኝ። አስተባባሪዋ የሐዘን መልእክት ልካለች። ሁሉም ሠልጣኝ ለአባቴ ተነስቶ የሕሊና ጸሎት አድርጓል፤ የቅርብ ቤተሰብ ሞት ስለሆነ ቦታዬ ተጠብቆልኛል፤ ሐዘኔን ጨርሼ ልመለስ።

"እሰይ" አለ ከማል። "በቃ ዝም በል። ማን መርሳ ድረስ መጥቶ ያጣራል?"

ዝም ካልኩ አባቴ ለሥልጠናው ዘመን ሁሉ ሞቶ ሊከርም ነው። እውነቱን ከነገርኳቸው ደግሞ ማንም ሳይሞትበት የመጀመሪያውን ቀን አቋርጦ የወጣ ሰው ነኝ፤ ተጠባባቂው ቦታዬን ይወስዳል። ያ ሁሉ ምኞቴ ሊጠፋ ነው፣ አባቴም ወደ ሽንኩርቱ ወሬ ሊመለስ ነው።

"እኔ ላንተ ካልሞትኩ ለማን ልሞት ነው?" አለ አባቴ። "በለው ሞቷል። ምን ይጎድልብኛል?"

"ምላስህን ያዝ" አለችው እናቴ። "ደግሞ ሞት ልትጠራብኝ ነው።"

"አልዋሽም" አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ የመሪ ድምፅ ወጣኝ ብዬ ነበር፤ ማንም ልብ አላለውም።

አባቴ "እንግዲያው ነገ አብሬህ እሄዳለሁ" አለ። የውሃ ተራው ደግሞ ነገም ነበር።

በማግስቱ የአባቴን ቡናማ ሹራብ ለብሼ፣ ጢሜን ተላጭቼ ሄድን። አስተባባሪዋ ኮሪደሩ ላይ አገኘችን። ገና ስታየኝ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"ምነው መጣህ? ሣልስቱ እንኳ ሳይወጣ" አለችኝና አቀፈችኝ። እኔ "አይ፣ ነገሩ" ብዬ ስንተባተብ ወደ አባቴ ዞረች። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል።

"እርስዎንም ያጽናዎት አባባ። የሟቹ ምናቸው ነዎት?"

"ራሱ ነኝ" አለ አባቴ።

ሴትዮዋ እኔን አየች፣ እሱን አየች። አባቴ ቀጠለ። "ልጄ አባቴ ሞተ ያለሽ ዋሽቶሽ አይደለም የኔ ልጅ፣ አምኖ ነው። ዓይኑን እዪው፣ አሁንም አብጧል። እኔ ዝም በል ብዬው ነበር፤ ቦታዬንም ባጣ አልዋሽም ብሎ መጣ። ልጄ ምን ላይ እንደሆነ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የምለው አለኝ። ብታስቀሩትም ባታስቀሩትም እንዲህ ነው እላለሁ።"

እኔ መሬት መሬት አየሁ። አስተባባሪዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ትስቅ ታልቅስ አላወቅሁም። ቆይታ ዞረች።

"ግባ" አለችኝ። "ወንበርህ ባዶ ነው።" ወደ አባቴም ዞር አለች። "እርስዎም ይግቡ አባባ። ትናንት እኮ ይህ ሁሉ ልጅ ለእርስዎ ቆሞ ነበር፤ ይዩአቸው።"

በሩን ከፈተች። ሠልጣኞቹ የማያውቁት ሽማግሌ ሲገባ አይተው ሁሉም ከየወንበራቸው ብድግ አሉና "ኖር" አሉት።

"በእግዜር" አለ አባቴ። "ተቀመጡ ልጆቼ። የትናንቱ መቆም ይበቃል።"